መብራት ከጠፋ ውኃው አይነዝርም?

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቤዝመንት የተከራየ ሐበሻ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ቤቱ ውኃ በገባ ቁጥር የማያጣው ምክር አለ፤ «መብራቱ ጠፍቶ የለ እንዴ? ውረድና ዕቃህን አውጣ!» አንድ የማውቀው ልጅ ይህን ሰምቶ የጎማ ቦቲውን አጥልቆ ወረደ። ፍሪጁን ሲይዝ ነዝሮ ወደ ደረጃው ወረወረው። እግዜር አተረፈው፤ መካሪው ግን ዛሬም ይመክራል።

ምክሩ ጭራሽ መሠረት የለውም አይባልም፤ ብሬከር ሽቦ ሲገናኝ ይወድቃል። ነገር ግን የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይሞት አይደለም። ባለ 15 አምፔሩ ከዚያ በላይ ካላለፈበት አይወድቅም፤ ልብ ለማቆም ግን 0.1 አምፔር ይበቃል። አምፖሉ ጨልሞ ሶኬቱ በሌላ ብሬከር ሊሠራ ይችላል። ሰፈሩ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ እርስዎ ውኃ ውስጥ ቆመው ሳለ መብራቱ ቢመጣስ? ቦቲውም እጅዎ ብረት ሲነካ ዋስትና አይሆንም።

ዋናውን ብሬከር ማጥፋት ደግ ነው፤ ደረቅ መሬት ረግጠው፣ በደረቅ እጅ ከደረሱበት። ችግሩ፣ በብዙ ቤት ሳጥኑ ያለው እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ያኔ ወደ ታች ዝር ሳይሉ ለመብራት ኩባንያው ደውለው ከውጭ ያስቆርጡ።

«ውኃው ቀስ እያለ ነው የሚሞላው» የሚለውም ያናድደኛል። መስከረም 1 ቀን 2021 እንደ ፈረንጆቹ፣ የአይዳ አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ኒው ዮርክን ሲመታ 11 ሰዎች ቤዝመንት ቤታቸው ውስጥ ሞተዋል። ከውጭ የተጠራቀመ ውኃ በሩን ከተጫነው በጉልበት አይከፈትም። ፓስፖርትዎንም ቢሆን ትተው ይውጡ።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። ውኃውን በአንድ ጊዜ መጥጠው አይጨርሱ፤ ከውጭ ያለው እርጥብ አፈር ግድግዳውን ሊንደው ስለሚችል በቀን ሲሶውን ያህል ይበቃል። የነዳጅ ፓምፕና ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አይነሣም፣ ጭሱ ይገድላል። በረኪና ከአሞኒያ ጋር አይቀላቀልም። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ጎርፍ አይከፍልም፤ ለብቻው ይገዛል።

ቤትዎ ደረቅ ሳለ፣ ዛሬውኑ የብሬከሩ ሳጥን የት እንዳለ ይመልከቱ፤ የመብራት ኩባንያውን ቁጥርም ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።