በጾም ገበታ ላይ ያለው በሬ

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ በግራ በቀኝ የሚያየው የገብስ ማሳና የግጦሽ መስክ ነው። ላሙና በሬው፣ በጉና ፍየሉ፣ የጋማ ከብቱም ጭምር እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ተሰማርቶ ይታያል። የቤት እንስሳ በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

መንጋው ሣሩ ከሚችለው በላይ ሲበዛ መሬቱ ይራቆታል፤ የተራቆተውም አፈር በክረምት ጎርፍ እየታጠበ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ዋልያውና ጭላዳው ዝንጀሮም መኖ ያጣሉ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሎ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ገብቶ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከምክንያቶቹም አንዱ የልቅ ግጦሽ መቀነስ ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በፓርኩ ውስጥ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ እንዲዛወር ተደርጓል። እንግዲህ ሣሩ ዕረፍት ያገኘው ሰዎች ቀያቸውን በመልቀቃቸው ጭምር ነው፤ ይህን ዋጋ ትቶ ስለ ሣሩ ብቻ መናገር ተገቢ አይመስለንም።

በዓይን የማይታይ ጫናም አለ። አመንዣኪ እንስሳት የበሉትን ሲፈጩ በጨጓራቸው የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሚቴን የተባለ ጋዝ ይፈጥራሉ፤ ጋዙም በግሳት መልክ ይወጣል። በመቶ ዓመት ሲሰላ ሚቴን ሙቀትን የማፈን ኃይሉ ክብደቱ እኩል ከሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ይበልጣል።

በዚህ ምክንያት በበለጸጉት አገሮች አንዳንዶች በሥጋ ፋንታ ጥራጥሬና አትክልት መመገብን ይመክራሉ። ሌሎች ደግሞ ከእንስሳ የተወሰዱ ጥቂት ሕዋሳትን በንጥረ ምግብ ፈሳሽ ውስጥ በማራባት በቤተ ሙከራ ሥጋ ያመርታሉ። ሆላንዳዊው ሳይንቲስት ማርክ ፖስት በዚህ መንገድ ያዘጋጀው ሥጋ እ.ኤ.አ. በ2013 በለንደን ተቀምሷል፤ ሲንጋፖርም በ2020 ለሽያጭ ፈቅዳለች። ይሁን እንጂ ምርቱ ብዙ ኃይል ስለሚፈጅ፣ ኃይሉ ከድንጋይ ከሰል ወይም ከነዳጅ የተገኘ እንደሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል።

በዳባት፣ በደባርቅ ወይም ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በደረስጌ ግን ያለ ሥጋ መመገብ አዲስ ነገር አይደለም። ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ አጽዋማቱን የሚጠብቅ ምእመን የዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ያሳልፋል። ታዲያ መሬቱ ስለ ምን አላረፈም?

ምክንያቱ በሬው በዋናነት የሚያዘው ለሥጋው ሳይሆን ለጫንቃው መሆኑ ነው። የሽሮው ባቄላ የበቀለበት ማሳ የታረሰው በጥማድ በሬ ነው። ያረጀውን በሬ የሚተካ ወይፈን እንዲገኝ ደግሞ ላም ማርባት ግድ ይሆናል። በሬው የሚያርሰው ለጥቂት ወራት ሲሆን የሚበላው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ሽሮው የሚበስልበት ኩበት እንኳ ከዚያው ከብት የተገኘ ነው፤ በማሳው ላይ ቢበተን ኖሮ አፈሩን ባዳበረ ነበር። በተዳፋት ላይ የታረሰ ማሳም ሣር ከለበሰ መሬት ይልቅ አፈሩን ለጎርፍ ይሰጣል። ስለዚህ የጾሙ ገበታም ቢሆን ያለ ዋጋ አልተዘረጋም።

በቤተ ሙከራ የተሠራ ሥጋ የልኳንዳውን ሥጋ ይተካ ይሆናል፤ ሞፈር ግን አይስብም። ለዚህ አገር የሚቀርበው ዘዴ ሣሩን አጭዶ በበረት መመገብና የበሬውን ቁጥር ማሳነስ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከመሰሉ ጋር መቀናጆ ገብቶ ሁለቱን በሬዎች በማጣመድ ማሳቸውን በተራ ያርሳሉ። ይህን የሚያደርጉት በእጦት ምክንያት ነው፤ ሆኖም አራት በሬ ሊሰማራበት በነበረው መስክ ላይ የሚውሉት ሁለት ብቻ ናቸው።