ባለሜዳነት ምን ያህል ያግዛል? ዋልያዎቹ በሰው አገር «ባለሜዳ» የሆኑባቸው ዓመታት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም ከታንዛኒያ አቻው ጋር ባደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ በመርሃ ግብሩ ላይ የሰፈረው በባለሜዳነት ነበር። ጨዋታው የተካሄደው ግን በዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ርዕሰ ከተማ በኪንሻሳ፣ በሰማዕታት ስታዲየም ሲሆን ዋልያዎቹ 2 ለ 0 ተሸንፈዋል። ከሦስት ቀናት በኋላ በዚያው ስታዲየም በእንግድነት ተሰልፈው አስተናጋጇን ኮንጎን 2 ለ 1 አሸንፈዋል።

ይህ ገጠመኝ በደጋፊዎች ዘንድ የቆየውን ክርክር እንደገና የሚቀሰቅስ ነው። የማጣሪያ ድልድል በወጣ ቁጥር «ከማን ጋር ደረሰን?» የሚለውን ጥያቄ «የት ነው የምንጫወተው?» የሚለው ይከተለዋል። ከተከራካሪዎቹ መካከል ገሚሶቹ ኳስ የሚጫወተው ሜዳው ሳይሆን አስራ አንዱ ተጫዋች ነው በማለት የኪንሻሳውን ድል ይጠቅሳሉ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም በማላዊ ሊሎንግዌ ግብፅ 2 ለ 0 የተሸነፈችበትንም ጨዋታ ያክሉበታል። ሌሎቹ ደግሞ በገዛ አገሩ ያልተጫወተ ቡድን ግማሹን አቅሙን ከበር ትቶ እንደገባ ይቆጠራል ባዮች ናቸው።

በእርግጥ አንድ ጨዋታ ለየትኛውም ወገን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ኮንጎ በኅዳሩ ግጥሚያ ስትሰለፍ የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፋ ማለፏን አስቀድማ አረጋግጣ ነበር። ክርክሩን በተሻለ ሁኔታ የሚዳኘው ተከታታይ የማጣሪያ ውጤቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው።

በካሜሩን ለተካሄደው 33ኛው የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ዋልያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች አድርገዋል። ሦስቱን በአገራቸው ተጫውተው ሦስቱንም አሸንፈዋል፤ ኮትዲቯርን ባህር ዳር ላይ 2 ለ 1፣ ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን ደግሞ በዚያው በባህር ዳር 4 ለ 0። ከአገር ውጪ ያደረጓቸውን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፈዋል። ቡድኑን ለካሜሩን ያበቁት 9 ነጥቦች አንድም ሳይቀር በአገር ቤት የተገኙ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባህር ዳር ስታዲየም የሚፈለገውን ደረጃ አያሟላም በማለቱ፣ ለ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ጋናን ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም ያስተናገደችው በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ ነበር፤ ውጤቱም 1 ለ 1 ነው። በኮትዲቯር ለተካሄደው 34ኛው የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ «የአገር ቤት» ተብለው የተመዘገቡት ሦስት ጨዋታዎች በውጭ አገር ተካሂደው አራት ነጥብ ብቻ አስገኝተዋል። በሞሮኮ ለተዘጋጀው 35ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ደግሞ ቡድኑ ኮንጎን በዳሬሰላም፣ ጊኒን በአቢጃን፣ ታንዛኒያን በኪንሻሳ «አስተናግዶ» ሦስቱንም ያለምንም ግብ ተሸንፏል። ያገኛቸው አራት ነጥቦች የመጡት በእንግድነት ከተጫወተባቸው ግጥሚያዎች ነው።

ዘጠኝ፣ አራት፣ ዜሮ። ተጋጣሚዎቹ የተለያዩ በመሆናቸው፣ ተጫዋቾችና አሰልጣኞችም ስለተለዋወጡ ለቁልቁለቱ ሜዳውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ሆኖም ሜዳውን ከምክንያቶቹ ዝርዝር ማውጣትም የሚያስኬድ አይደለም።

ባለሜዳነት የሚያግዘው በምን መንገድ እንደሆነ በሌሎች አገሮች በስፋት ተጠንቷል። አንደኛው በዳኛው ጆሮ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ ይፋ በሆነ ጥናት 40 ዳኞች በሊቨርፑልና በሌስተር ጨዋታ የታዩ 47 የኳስ ንጥቂያዎችን በቪዲዮ ተመልክተው ውሳኔ እንዲሰጡ ተደርጓል። ከዳኞቹ ገሚሶቹ የተመልካቹን ጩኸት እየሰሙ፣ ገሚሶቹ ያለ ድምፅ ነበር የተመለከቱት። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት በ15 ነጥብ 5 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለማዳላት አስበው ያደረጉት አይደለም፤ አጠራጣሪ በሆነች ቅጽበት ጩኸቱ ፊሽካውን ያዘገየዋል። በስፔን የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ባለሜዳው በአንድ ግብ ሲመራ ዳኞች የሚጨምሩት ደቂቃ እንደሚያጥር፣ በአንድ ግብ ሲመሩበት ግን እንደሚረዝም አሳይቷል።

ሁለተኛው በተጫዋቹ ሰውነት ውስጥ የሚታይ ነው። በእንግሊዝ የኖርዘምብሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳስታወቁት፣ ተጫዋቾች በሜዳቸው ከመጫወታቸው በፊት ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን በምራቃቸው ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል። የራስን ክልል የመከላከል ስሜት ነው ይሉታል።

የተመልካቹን ድርሻ ያለጥርጥር ያሳየው ግን ማንም ያላቀደው ፈተና ነው። የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ስታዲየሞችን ባዶ ባስቀረበት የ2020/21 የውድድር ዓመት፣ አብዛኛው ያለተመልካች በተካሄደው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ባለሜዳዎች 144 ጨዋታዎችን ሲያሸንፉ እንግዶች 153 አሸንፈዋል። በአገሪቱ ከፍተኛው ሊግ ታሪክ እንግዶች በልጠው የተገኙበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2021 ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ግብ ብልጫ የሚሰጥበትን ደንብ ሲሽር፣ በውድድሮቹ የባለሜዳዎች የማሸነፍ መጠን ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከ61 ወደ 47 በመቶ መውረዱን በምክንያትነት ጠቅሷል። ጥቅሙ እየቀነሰ ነው እንጂ አልጠፋም።

ለኢትዮጵያ ይህ ደንብ ባለውለታ መሆኑ አይዘነጋም። ቡድኑ በጳጉሜን 2004 ዓ.ም በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመልሶ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም በአዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 በማሸነፉ ከ31 ዓመታት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃው ሱዳን ላይ ባስቆጠራቸው ሦስት ግቦች ብልጫ ነው። የመልሱ ጨዋታ በሌላ አገር ቢደረግ ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ደጋፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በደቡብ አሜሪካ የተካሄዱ ከ1 ሺህ 400 በላይ ጨዋታዎችን መርምሯል። ሁለቱ አገሮች በእኩል ከፍታ ሲገኙ ባለሜዳው የማሸነፍ ዕድሉ 54 በመቶ ያህል ነው፤ ቦሊቪያ ብራዚልን ላፓዝ ላይ ስታስተናግድ ግን ወደ 83 በመቶ ይጠጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስላላት ከባሕር ዳርቻ አገሮች የሚመጣ ቡድን ትንፋሽ ማጠሩ የሚጠበቅ ነው። ባህር ዳርና ሐዋሳ ዝቅ ይላሉ፣ ድሬዳዋ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ትላለች። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ከፍታው የሚያግዘው ተጫዋቹ ራሱ በዚያው ከፍታ ሲኖርና ሲለማመድ ነው።

ሜዳ ዋንጫን እንደማያረጋግጥ የአዲስ አበባ ስታዲየም ራሱ ምስክር ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው በዚህ ሜዳ ነው። በ1960 ዓ.ም በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 የተረታችውም እዚሁ ነው።

ለኃላፊዎች ትኩረት የሚገባው ጉዳይ ጥቅሙ የጠፋበት ምክንያት ነው። ካፍ አንድን ስታዲየም ሲመዝን የሚያየው ሣሩን ብቻ አይደለም። የተጫዋቾችና የዳኞች መልበሻ ክፍሎች፣ የሕክምናና የአበረታች ንጥረ ነገር ምርመራ ክፍሎች፣ የሌሊት መብራት፣ ለየተመልካቹ የተለየ መቀመጫ፣ የመገናኛ ብዙኃን ሥፍራና የመውጫ በሮች ሁሉ ይቆጠራሉ። በየክልሉ ትልልቅ ስታዲየሞች ተገንብተዋል፤ 62 ሺህ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየምም ተጀምሯል። ቡድኑን ለስደት የዳረገው የመቀመጫ ብዛት ማነስ ሳይሆን ከመቀመጫው ሥርና ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት ሥራዎች አለመጠናቀቅ ነው። የሲሚንቶው ሥራ በምረቃ በዓል ይታያል፤ የመልበሻ ክፍል የውሃ ቧንቧ ግን የሚታየው ተቆጣጣሪው ሲመጣ ነው።

በአንጻሩ በውጭ አገር «ማስተናገድ» የራሱ ወጪ አለው። የቡድኑ የአውሮፕላን ጉዞ፣ ሆቴልና የስታዲየም ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ሲከፈል የመግቢያ ትኬት ገቢው ይቀራል።

ችግሩ በብሔራዊ ቡድኑ ብቻ ሳይወሰን ወደ ክለቦችም ዘልቋል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ባሉት የውድድር ዓመታት ክለቦቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰባስበው እንዲጫወቱ እየተደረገ ተካሂዷል። በዚህ አሠራር በመርሃ ግብሩ በግራ በኩል የተጻፈው ክለብ ባለሜዳ ይባላል፤ ደጋፊዎቹ ግን በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ሆነው በቴሌቪዥን ይከታተሉታል። ውድድሩ ተራውን ጠብቆ ወደ አንድ ከተማ ሲመጣ የዚያ ከተማ ክለብ ለጥቂት ሳምንታት በደጋፊው ፊት ይጫወታል፤ በመርሃ ግብሩ እንግዳ ተብሎ በተጻፈባቸው ግጥሚያዎች ጭምር።