አቼቶ የሚሸት ሲሊኮንና የባጃጅ ኤሌክትሮኒክስ

በእጅ ተሠርተው በባጃጅና በሞተር ሳይክል ላይ የሚገጠሙ የጂፒኤስ መከታተያዎች፣ የስርቆት ማንቂያዎችና የስልክ ቻርጀሮች ክረምት በገባ ቁጥር አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ወደ ጥገና የሚመለሱት ዝናብ ስለገባባቸው ብቻ ሳይሆን ከዝናብ ለማዳን ተብሎ በተደረገላቸው ነገርም ጭምር ነው። ጥፋቶቹ ሁለት ናቸው።

አንደኛ፣ ሲሊኮን። በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው፣ ሲቀባ አቼቶ አቼቶ የሚለው ዓይነት፣ ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ሲደርቅ አሲቲክ አሲድ ይለቃል፤ አቼቶን አቼቶ የሚያሰኘውም ይኸው አሲድ ነው። አሲዱ በሰርኪዩት ቦርድ፣ ማለትም ስስ የመዳብ መስመሮች በተነጠፉበት ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ መዳቡን ይበላል።

«ከደረቀ በኋላ ጉዳት የለውም» የሚለው መልስ በየቪዲዮው እስኪሰለች ይደጋገማል። ሲሊኮን የሚደርቀው ከላይ ወደ ውስጥ፣ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ አንድ ጣት ውፍረት ተሞልቶ ክዳኑ ወዲያው የተገጠመበት ሣጥን አሲዱን ከመዳቡ ጋር ለቀናት ያሽገዋል፤ 12 ቮልቱ ደግሞ ዝገቱን ያፋጥነዋል። እንዲህ ያለ ሣጥን ሲከፈት የባትሪው ፖዘቲቭ ሽቦ የተበየደበት ነጥብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ በጣት ሲነካ ይላቀቃል፤ አጠገቡ ያለው ኔጋቲቭ ግን ብዙም ሳይነካ ይገኛል።

አሲድ የማይለቀው፣ ኒውትራል ኪዩር የሚባለው ሲሊኮን ገበያ ላይ አለ፤ ልዩነቱም በቱቦው ጀርባ ተጽፏል። ሻጩ አያነበውም፣ አስመጪው አያስተረጉመውም፣ ብዙ ማሠልጠኛዎችም መብራቱ ጠረጴዛ ላይ ከበራ ሰርተፊኬት ይሰጣሉ፤ የሐምሌ ፈተና የሚመጣው ከምረቃው በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ «አይፒ 67» የሚለው ጽሑፍ። 6 አቧራ እንደማይገባ፣ 7 ደግሞ ሣጥኑ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ጉዳት የሚያደርስ ውሃ እንደማያስገባ ይገልጻሉ እንጂ ስለ ላቫጆ የውሃ ግፊት አንዳች አይናገሩም። ከሞተር አጠገብ 60 ዲግሪ ሞቆ ትርፍ አየሩን ያስተነፈሰ ሣጥን ዝናብ መትቶት ወደ 15 ዲግሪ ቢወርድ የውስጡ ግፊት 13 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህም በአዲስ አበባ ከፍታ አንድ ሜትር ገደማ ውሃ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር ስለሚስተካከል፣ ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ በትንሹም ቢሆን ከላላ ሣጥኑ ውሃውን ይጠባል።

ስለዚህ የብየዳውን ቅሪት በአልኮል አጥቦ ሰሌዳውን ኮንፎርማል ኮቲንግ በተባለው ስስ የመከላከያ ቅብ መሸፈን፣ ሽቦውን ከመግቢያው በታች አጥፎ ጠብታው ከእጥፋቱ እንዲወርድ ማድረግ፣ ከሣጥኑ ሥርም ሦስት ሚሊ ሜትር የምታህል ማንጠፍጠፊያ ቀዳዳ መተው ያስፈልጋል። ይህችን ቀዳዳ ባለንብረቱ በስሕተት የቀረች መስሎት ይደፍናታል፤ የሚደፍናትም ያንኑ አቼቶ የሚሸተውን ሲሊኮን ገዝቶ ነው።