የዱቄት ብናኝና የትምባሆ ጢስ

በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል፣ በቦሌ፣ በገርጂና በአያት፣ ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሥተው ሊጥ የሚያቦኩ ብዙ ዳቦ ጋጋሪዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ወጣት ሲያስል ባልንጀሮቹ «ሲጃራው ነው» ይሉታል፤ እርሱም ያምናቸዋል። ነገር ግን ሳሉ ከዱቄቱ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

የእህል ብናኝ ሠራተኛን እንደሚያሳምም ከታወቀ ብዙ ዘመን ነው። በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል የኢጣልያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ እህል የሚያበጥሩ ሰዎች ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ጽፏል። ዛሬ ይህ ከሥራ የሚመጣ አስም ይባላል፤ የእንጨት ብናኝና አንዳንድ የመኪና ቀለምም ያመጡታል።

ፈጣሪ የትንፋሽን ቧንቧ ውስጡን ስስ ሽፋን አልብሶታል፤ በላዩም ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ፀጉሮች እየተወዛወዙ የገባውን ትቢያ ጠርገው ወደ ላይ ይመልሱታል። የትምባሆ ጢስ ፀጉሮቹን ያደክማል፤ ሽፋኑንም ይጐዳል። ያን ጊዜ ብናኙ ዘልቆ ይገባል፤ ሰውነትም እንደ ጠላት ቈጥሮ ይነሣበታል። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ብናኝ በደረሰ ቍጥር ቧንቧው ይጠብባል፤ ደረትም ሲር ሲር ይላል። በእንግሊዝ አገር ፕላቲን የሚባለውን ውድ ብረት የሚያነጥሩ ሠራተኞች በተመረመሩ ጊዜ፣ ሰውነታቸው በብረቱ ጨው የሚቈጣባቸው ከማያጨሱት ይልቅ የሚያጨሱት በብዙ እጥፍ ሆነው ተገኙ። ስለ ዱቄት የተገኘው ማስረጃ ግን እንደዚህ ጽኑ አይደለም።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር። በዘመናችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 በተዘጋ የሥራ ቦታ ማጨስን ይከለክላል፤ ጋጋሪው ግን ደጅ ወጥቶ አጭሶ ወደ ዱቄቱ ይመለሳል።

ለእርሱ ከሁሉ የሚከፋው ሲጃራው ሕመሙን የሚሸፍንበት መሆኑ ነው። ከሥራ የመጣ አስም ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን ይጠናል፤ በዕረፍት ቀን፣ ይልቁንም ለበዓል ወደ አገር ቤት በሄዱ ጊዜ ይቀላል። የሲጃራ ሳል ግን የሥራና የዕረፍት ቀን አይለይም። ሁለቱ በአንድ ደረት ሲገናኙ ሕመምተኛው ሁሉን በሲጃራው ያሳብባል፤ ዓመታትም ያልፋሉ። ከብናኙ ፈጥኖ የራቀ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል፤ የዘገየ ግን ሥራውን ከለወጠ በኋላ እንኳ አስሙ አብሮት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ጋጋሪ በቀን ስንት ሲጃራ እንደሚያጨስ ብቻ ሳይሆን፣ ከዱቄት በራቀ በስንተኛው ቀን ትንፋሹ እንደሚቀልለው ጭምር ይንገረው።