ምግቡ ጣፋጭ፣ መስተንግዶው ቀዝቃዛ፦ ከሶር ፏፏቴ መልስ መቱ ላይ ምሳ ለምን ይዘገያል?

ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኢሉባቦር የሚገባ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ የሶርን ፏፏቴ ሳያይ አይመለስም። ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ በበቾ በኩል ሲሆን የመጨረሻው ክፍል በጫካ ውስጥ በእግር የሚወረድ ነው፤ መመለሻው ደግሞ ዳገት ነው። በመሆኑም ጎብኚዎቹ መቱ የሚደርሱት በቡድን፣ ደክሟቸውና እጅግ ተርበው ነው። የከተማዋ ምግብ ቤቶች የሚፈተኑትም በዚያች ሰዓት ነው።

ምግቡ በአብዛኛው የሚያሳፍር አይደለም። ጨጨብሳው በአካባቢው ቅቤ የራሰ ነው፤ ማሩ የጫካ አበባ የቀሰመ ንብ ሥራ ነው፤ ቡናውም ከበቀለበት ደን ብዙ ሳይርቅ ተቆልቶ ይቀርባል። ቅሬታ የሚነሣው ሳህኑ እስኪመጣ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። አስተናጋጁ ትእዛዝ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ጥብሱ ማለቁን ይናገራል። ሌላ ይታዘዛል። አራት ሆነው ከተቀመጡት የሁለቱ ምግብ ቀድሞ ይመጣና የተቀሩት ይመለከታሉ። ሂሳብ ሲጠየቅ ደግሞ የሚቀበል ሰው ይጠፋል። ይህ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በያዮ ብቻ የሚታይ ጉድለት አይደለም፤ በሌሎች የሀገሪቱ የቱሪስት መዳረሻዎችም ተደጋግሞ የሚሰማ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለሚመለከት፣ መዘግየቱና ጉድለቱ አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ ምግብ በባሕርዩ ጊዜ ይወስዳል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እስኪበስል ሰዓታት ይፈልጋል፤ ጨጨብሳም ቢሆን ሊጡ ተቦክቶ፣ ቂጣው ተጋግሮና ተቆራርሶ፣ በቅቤና በበርበሬ እስኪታሽ ድረስ ምጣድ ላይ የሚቀመጥ ዝግጁ ነገር የለም። ቡናም ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጀበና የሚገባው። ሆኖም አቦል እስኪቀርብ ድረስ በጭሱና በሽታው መካከል የተቀመጠ እንግዳ ዘገየብኝ ብሎ አያጉረመርምም፤ ቡናው የት እንደደረሰ በዓይኑ ያያልና። እንግዳውን የሚያስቆጣው ከጓዳ ወሬ አለመምጣቱ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋው ምስክርነት ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። «አስተናጋጅ» የሚለው ቃል «እንግዳ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው፤ «ነጋዴ»ም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። በግእዝ «ነግድ» መንገደኛና እንግዳ ማለት ነው። በገጠሩ ቤት እንግዳ የሚቀበል ሰው ሁሉንም ሥራ በአንድነት ይዞታል፦ ውኃ ያስታጥባል፣ ያስቀምጣል፣ ምግቡ እስኪደርስ ቆሎ ያቀርባል፣ ያጫውታል፣ «በሞቴ» ብሎ ያጎርሳል። ምግብ ቤት ሲከፈት ይህ ሥራ ተከፋፈለ። ባለሙያዋ ጓዳ ቀረች፣ ወጣቱ ሳህን ተሸካሚ ሆነ፣ ባለቤቱ ከገንዘብ ሣጥኑ ጀርባ ተቀመጠ። የቤቱ ሙያ ከነጣዕሙ ወደ ምግብ ቤቱ ሲዛወር፣ እንግዳውን የእኔ ነው የሚል ሰው ግን አብሮ አልተዛወረም። እቴጌ ጣይቱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ሆቴል ሲያቋቁሙ ከፍሎ መብላት ለብዙው ሰው እንግዳ ነገር ነበር፤ ከፋዩን እንደ እንግዳ የማስተናገዱ ነገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ የተለመደ አይመስልም።

ጥፋቱን በአስተናጋጁ ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። በኢትዮጵያ ለግል ድርጅት ሠራተኞች በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይኖር ቆይቷል፤ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ጉዳዩን ወደፊት ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ትቶታል። በአነስተኛ ከተማ የሚሠራ አስተናጋጅ ኑሮ በአመዛኙ በጉርሻ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የተሻለ ሥራ እስኪያገኝ ብቻ የሚቆይ ወጣት የምግብ ዝርዝሩን ለማጥናት፣ ጓዳ ገብቶ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ለመጠየቅ የሚያበረታው ነገር ጥቂት ነው። ባለሙያዋም ብትሆን በአንድ ምድጃ ላይ የሃያ ሰው ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሲወርድባት ማንን ታስቀድም?

ይሁንና ጉዳዩ በይሉኝታ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። የ2006 ዓ.ም. የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ እንዲሁም በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። የዋጋ ዝርዝር በግልጽ መለጠፍም ግዴታ ነው። ከውጭ ለመጣ ሰው ሌላ ዋጋ የሚነገርባቸው ቤቶች ይህን ሊያስተውሉ ይገባል። ደንበኛውም በበኩሉ ቅሬታውን ለባለቤቱ የመናገር መብት እያለው በዝምታ ወጥቶ ለጓደኞቹ ብቻ ያወራል፤ እንዲህ ሲሆን ባለቤቱ ጉድለቱን የሚያውቀው ገበያው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የዚህ ኪሳራ ከምግብ ቤቱ በር አልፎ ወደ ገበሬው ማሳ ይደርሳል። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ደኑ ሳይመነጠር ኑሮ የሚገኝበት አንዱ መንገድ ጎብኚ ነው። አንድ ቡድን መቱ ላይ ምሳ በልቶ ቢያድር ዶሮው፣ ዕንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ማሩና ቡናው የሚገዛው ከአካባቢው ገበሬ ነው። ያው ቡድን ተሰላችቶ በታሸገ ብስኩት ወደ በደሌ ወይም ወደ ጋምቤላ ካለፈ፣ ለገበሬው የሚቀርለት መኪናው ያስነሣው አቧራ ብቻ ነው።

መፍትሔው አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ ወንበር የሚጠይቅ አይደለም። አብዛኛው ችግር የሚቃለለው ጓዳውና አዳራሹ ሲነጋገሩ ነው። ጠዋት ገበያ ተሂዶ ያልተገዛ ነገር ከዝርዝሩ ላይ ቢሰረዝ፣ እንግዳው ከተስፋው በኋላ «የለም» የሚል ቃል አይሰማም። የዶሮ ወጥ በቀጠሮ ብቻ እንደሚሠራ መናገር ነውር የለበትም። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ለብቻው በተያዘ ዕቃ ቢዘጋጅ ጿሚው ሳይጠራጠር ይበላል። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ደግሞ አስቀድሞ ዳቦና ማር፣ ከአጠገቡም የቡናው ረከቦት ቢቀርብ፣ አርባ ደቂቃ እንደ አርባ ደቂቃ አይቆጠርም።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ስልክ ነው። ቡድኑን የሚመራው ሰው ወደ ሶር ከመነሣቱ በፊት፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ስንት ሰው እንደሚመለስ፣ ስንቱ ጿሚ እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ቢናገር ባለሙያዋ ስድስት ሰዓት የሚሆን ጊዜ ታገኛለች። ሽንኩርቱም እስከ ስምንት ሰዓት በደንብ ይበስላል።