ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የጤና ባለሙያው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳንባ ነቀርሳ ልየታ ወቅት የሚነሳውን የደረት ራጅ ኮምፒዩተር በሰው አንባቢ ምትክ ሊያነበው እንደሚችል አስፍሯል። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አጋሮም ሆነ በመሰል የቡና ከተሞች ለሚሠራ ባለሙያ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

ሠራተኞች ለእንዲህ ያለው መሣሪያ የሚሰጡት ምላሽ ብዙውን ጊዜ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው «ሥራዬን ይነጥቀኛል» የሚል ሥጋት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከልክ ያለፈ እምነት ነው። የኋለኛው ስውር በመሆኑ ይበልጥ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከፖላንድ የወጣ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ሐኪሞች በትልቁ አንጀት ምርመራ መሣሪያውን ከለመዱ በኋላ ያለ እርሱ ሲሠሩ፣ አዴኖማ የተገኘባቸው ምርመራዎች ከ28.4 ወደ 22.4 በመቶ ዝቅ ብለዋል። ጥናቱ ምልከታዊ በመሆኑ መንስኤውን ባያረጋግጥም ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለሆነም ባለሙያው ራጁን አስቀድሞ ራሱ አንብቦ ግኝቱን ይመዝግብ፤ ከዚያም ከኮምፒዩተሩ ንባብ ጋር ያመሳክር። ልዩነት ሲኖር ታማሚውን ዳግም ይመርምር። በሽታውን የሚያረጋግጠው የአክታ ምርመራ እንጂ የኮምፒዩተር ነጥብ አይደለም። መቅመሱን የተወ ቡና ቀማሽ ምላሱ እንደሚዶለዱም ሁሉ፣ ማንበቡን የተወ ባለሙያም ዓይኑ ይደክማል።