የግዕዝ ሰዋስውና የቃል ፈተና በምሥራቅ ጎጃም ቅኔ ቤቶች

ቅኔ ቤት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ውስጥ የግዕዝ ሰዋስው ከቅኔ ጋር የሚሰጥበት ጉባኤ ነው። ምሥራቅ ጎጃም በዚህ ትምህርት ከታወቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ በብቸና አቅራቢያ፣ ደብረ ወርቅ ደግሞ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። በቅኔ ቤት ሰዋስው በጽሑፍ አይፈተንም፤ የተማሪው ዕውቀት የሚታወቀው በግዕዝ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በቃሉ ሲናገር ነው።

ግስና አገባብ

ተማሪው አስቀድሞ ግስ ያጠናል። ግሶች አርእስት በሚባሉ ምሳሌዎች ሥር ስለሚመደቡ፣ የአንዱን ርባታ ያወቀ ተማሪ በዚያው ሥር ያሉትን ሌሎች ያረባል። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ መማር ያስቸግራል፤ የግዕዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይምና። ለምሳሌ «ቀተለ» (ገደለ) እና «ቀደሰ» (አመሰገነ) ሲጻፉ ይመሳሰላሉ፤ ሲነበቡ ግን የመጀመሪያው «ተ» ይላላል፣ የሁለተኛው «ደ» ይጠብቃል። ርባታቸውም ይለያያል፦

* ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል
* ቀደሰ፣ ይቄድስ፣ ይቀድስ

በየረድፉ የመጀመሪያው ኀላፊ፣ ሁለተኛው ትንቢት፣ ሦስተኛው ዘንድና ትእዛዝ ነው። «ይቄድስ» ማለት ሲገባው «ይቀድስ» ያለ ተማሪ «ያመሰግናል» ሊል ፈልጎ «ያመስግን» ይላል። ከግስ ጋር ዓቢይ፣ ንኡስና ደቂቅ ተብሎ በሦስት የሚከፈለው አገባብ ይጠናል።

ቆጠራና ነገራ

ቅኔው በደረጃ ይሄዳል። ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ 3፣ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8 ቤት አላቸው። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ከዚያ ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ስሕተቱ እዚያው ይታረማል፤ ግሱ፣ አገባቡ፣ የቤቱ ልክ፣ ሰሙና ወርቁ ይመረመራል። የሌላ ሰው ቅኔ ወይም የትናንቱ አይቆጠርለትም፤ ስለዚህ ሸምድዶ ማለፍ አይቻልም። የበረታው ተማሪ በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በሊቃውንት ፊት ቆሞ ቅኔ ይዘርፋል። መምህር ለመሆን የሚበቃውም እንዲህ ሲያስመሰክር ነው።

ትምህርቱና መጽሐፉ

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ በአብዛኛው የሚፈጸመው በዲማ አካባቢ ነው። የርባታው ሥርዓትም በመጽሐፍ ወጥቷል፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። ይሁን እንጂ የጠበቀውን ከላላው ለይቶ ሰምቶ የሚያርመው መምህሩ ነው። ጉባኤው ሲፈታ መጽሐፉ ይቀራል፤ ነገራው ግን ይቋረጣል።